ፐርሺያን ድመት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ፦ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ያለው ሥራ

ደሴ ላይ ተቀምጦ አዲስ አበባ ያለች ድመት መግዛት ሰው ገበያ ልኮ በሬ እንደ ማስገዛት ነው። በሬ ገዢ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ሳያይ፣ ሽንጡን ሳይጫን፣ ጥቂት እርምጃ ሳያስኬድ ዋጋ አይጠራም። ድመት ሲሆን ግን በቴሌግራም የመጣች አንዲት ፎቶ ታይታ ገንዘብ ይላካል። ፐርሺያን የሚባለውን ባለ ረጅም ፀጉር፣ ፊተ ጠፍጣፋ የድመት ዘር ግልገል ሳስመጣ ዋናው ሥራዬ ያንን የበሬ ምርመራ በስልክ ማድረግ ነበር። የተሳካልኝንም ያልተሳካልኝንም እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ዘር ያላት ድመት የምትባለው የዘር ሐረጓ በመዝገብ የተያዘ ናት። መዝገቡን ከሚይዙት ማኅበራት የታወቁት ሲኤፍኤ (ከ1906 ጀምሮ)፣ ፊፌ (ከ1949) እና ቲካ (ከ1979) ናቸው፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ወረቀቱ ላይ የግልገሏ የትውልድ ቀን፣ ቀለምና የምዝገባ ቁጥር፣ የእናትና የአባቷም ስም ከነቁጥራቸው ይሰፍራል። ቁጥሩን ይዞ ማኅበሩን በኢሜይል መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ "ወረቀት አላት" ያለኝን ሻጭ ሁሉ የእናቲቱን የምዝገባ ቁጥር ጠየቅሁ። የመጣልኝ የክትባት ደብተር ነው። የክትባት ደብተር የዘር ማስረጃ አይሆንም፤ "ዝርያ" በሚለው መስመር ላይ ሐኪሙ የሚጽፈው ባለቤቱ የነገረውን ነው።

ወረቀት ከሌለ የምትከፍሉት ለመልክ ነው። ይህ ነውር አይደለም፣ ዋጋው ግን የመልክ ዋጋ መሆን አለበት። መልክንም ቢሆን ማጣራት ይቻላል። ረጅም ፀጉር የሚወጣው ከሁለቱም ወላጅ ሲወረስ ነው። ፐርሺያን እናት ከሰፈር አጭር ፀጉር ድመት ብትወልድ ልጆቿ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ፀጉር ይሆናሉ፤ የሰፈሩ ድመት ግን ረጅሙን ፀጉር በድብቅ ከያዘ ከመካከላቸው ባለ ረጅም ፀጉር ይወጣል፣ እሱም "ፐርሺያን" ተብሎ ይሸጣል። ስለዚህ ከፀጉር ይልቅ ፊት ይታያል፦ ክብ ጭንቅላት፣ አጭር አፍንጫ፣ ትንንሽና የተራራቁ ጆሮዎች፣ አጭርና ወፍራም እግር። ሁለቱንም ወላጆች በቪዲዮ ማየት ግዴታ ነው። "አባቱ እዚህ የለም" ከተባለ አባቱ ያለበት ቤት ይደወላል።

ስለ መልክ ካነሳሁ አይቀር፣ ፊታቸውና ጫፋቸው የጠቆረ፣ ሲያሜዝ የተባለውን የድመት ዘር የሚመስሉትን ለምትፈልጉ፦ እነዚህ ሲወለዱ ነጭ ናቸው ማለት ይቻላል። ጥቁረቱ የሚመጣው ቀዝቀዝ ባለው የአካል ክፍል ላይ ነው፤ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ እግር፣ ጭራ ላይ። ብርድ ሲበዛ ይጠቁራል። የአንድ እናት ልጆች አንዱ ደሴ አንዱ ቆላ ቢያድጉ የደሴው ጠቆር ይላል፤ ሻጩ አታለለኝ ለማለት አትቸኩሉ።

የቪዲዮ ጥሪው ላይ የጠየቅሁትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። ቀድሞ የተቀረጸ ቪዲዮ አልቀበልም፤ ቀጥታ ጥሪ ሆኖ ሻጩ እዚያው ያዘዝሁትን ነገር፣ ለምሳሌ የሻይ ማንኪያ፣ ግልገሏ አጠገብ እንዲያስቀምጥ አደርጋለሁ። የሌላ ሰው ቪዲዮ የሚያሳይ ሰው እዚህ ላይ ኔትወርኩ ይቆረጥበታል። ቀጥሎ ግልገሎቹ ሁሉ ከእናታቸው ጋር። ከግልገሎቹ አንዱ ዓይኑ የተጣበቀ ወይም የሚያስነጥስ ከሆነ ጤነኛ የምትመስለውም እዚያው ቤት ውስጥ ናት። ቀጥሎ ስልኩን አፍንጫዋ ዘንድ አስጠግቶ ቤቱ ጸጥ ይበል፤ ፊተ ጠፍጣፋ ድመት ተኝታ የምታንኮራፋ፣ ነቅታም የምታፏጭ ከሆነ የአፍንጫ ቀዳዳዋ ጠቧል ማለት ነው፣ ዕድሜ ልኳን ይከተላታል። ድድ ይገለጥ፦ ሮዝ መሆን አለበት፤ ከነጣ ቁንጫ ወይም የሆድ ትል ደሟን ጨርሶታል። ጆሮ ይገለጥ፦ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ቆሻሻ ካለ የጆሮ ቅማል ነው፤ ይድናል፣ ዋጋ ግን ይቀንሳል። ጭራ ይነሳ፦ ፀጉሩ ከተጨማለቀ ተቅማጥ አለ። ነጭ ሆና ሁለቱም ዓይኖቿ ሰማያዊ ከሆኑ ከጀርባዋ ይጨብጨብ፤ እንዲህ ያሉት ብዙዎቹ ደንቆሮ ናቸው።

ፆታውን በሻጩ ቃል አትመኑ፣ ሻጮች ራሳቸው ይሳሳታሉ። ጭራው ተነስቶ ሲታይ የወንዱ ሁለት ክብ ነጥብ ነው፣ ልክ የኛን ሁለት ነጥብ (፡) ይመስላል፣ በመካከሉም ክፍተት አለ። የሴቷ ላይኛው ነጥብ ሆኖ የታችኛው ቀጥ ያለች ስንጥቅ ናት፣ ሁለቱም ተቀራርበዋል። ነጭ፣ ጥቁርና ብርቱካንማ ሦስቱም ያሉባት ድመት ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሴት ናት፤ "ወንድ ነው" ያለ ሻጭ ሳያይ ነው የተናገረው።

ብዙ ሰው የሚከስርበት ዕድሜ ላይ ነው። ሻጭ በ6 ሳምንቷ ሊገላግላት ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ብዙ ትበላለች፣ ፎቶ ላይም እንደ ሕፃንነቷ አታምርም። እኔ ከ12 ሳምንት በታች አልቀበልም ብዬ ጠበቅሁ። የእንግሊዙ መዝጋቢ ማኅበር 13 ሳምንት ይላል። ከእናቷ ቀድማ የተለየች ግልገል እጅ ትነክሳለች፣ አሸዋዋን በቅጡ አትለምድም፣ ከሁሉም በላይ ክትባቷ አላለቀም። ዕድሜውን ለማረጋገጥ ሚዛን አለ፦ ጤነኛ ግልገል በየወሩ ግማሽ ኪሎ ያህል ትጨምራለች፣ በ3 ወሯ ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ ትመዝናለች። በኩሽና ሚዛን ላይ በሦስት የተለያዩ ቀናት ተመዝና ቁጥሩ እንዲታየኝ አደረግሁ። ካልጨመረች አልገዛም። ጥርስም ይናገራል፦ የፊት ወተት ጥርሶች መለወጥ የሚጀምሩት በሦስት ወር ተኩል ገደማ ነው። "ሁለት ወሯ ነው" የተባለች ግልገል ትልልቅ የፊት ጥርስ ካሳየች ዕድሜዋ ተቀንሷል።

የመጀመሪያው ስህተቴ የክትባት ደብተሩ ላይ ነው። ማህተምና ፊርማ አይቼ ተቀበልሁ። መታየት ያለበት ከብልቃጡ ተልጦ የሚለጠፈው ስቲከር ነው፤ የክትባቱ ስም፣ የምርት ቁጥርና የማብቂያ ቀን እሱ ላይ አለ። ስቲከር የሌለውን እንዳልተከተበ ቆጥሮ እንደገና ማስጀመር ነው። ሦስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጀመራል፣ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል፣ 16 ሳምንት እስኪሞላት ይቀጥላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ12 ሳምንት በኋላ ነው። አንድ ጊዜ የተወጋች ግልገል "ክትባቷ ያለቀ" አይደለችም።

ፐርሺያን ላይ ሌላ የሚፈራ ነገር የኩላሊት በሽታ ነው፤ ኩላሊቱ ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች እያደጉ ይሄዳሉ። ከአንድ ወላጅ መወረሱ ይበቃል፣ በሽታው ካለበት ወላጅ ከሚወለዱት ግማሽ ያህሉ ይወርሱታል። ምልክቱ ግን ብዙውን ጊዜ በ7 ዓመት ገደማ ነው የሚታየው፣ ያኔ ሻጩ ስልኩን ቀይሯል። ግልገሏን አልትራሳውንድ ማስነሳት ገና ስለሆነች አያስተማምንም፤ 10 ወር ያለፋትን እናት ማስነሳት ግን ያስተማምናል። የምርመራውን ዋጋ እኔ እችላለሁ ብዬ ጠየቅሁ። እሺ ያለው ሻጭ አንድ ነው፣ የገዛሁትም ከእሱ ነው።

ክፍያውን በሦስት ከፈልሁት። ሩቡ ቀብድ በቴሌብር፣ ግማሹ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ቤቱ ድረስ ሄዶ ሲረከብ፣ የቀረው ሩብ በ14ኛው ቀን። አሥራ አራት ያልሁበት ምክንያት አለው፦ ገዳዩ የድመት ተቅማጥና ትውከት፣ ፓንሉኮፔንያ የሚባለው፣ ከተያዘች በኋላ ምልክቱ እስኪወጣ እስከ 10 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ጉንፋኖቹም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይታያሉ። ሻጩ የሦስት ቀን ዋስትና ሲሰጥ የሚሰጠው ባዶ ነገር ነው። ውሉ አንድ ገጽ ሆነ፦ ቀለም፣ ፆታ፣ የትውልድ ቀን፣ የተወጋችው ክትባት፣ ዋጋ፣ በ14 ቀን ውስጥ ብትሞትና ሐኪም ቢያረጋግጥ ምን ያህል እንደሚመለስ። የሁለታችንም መታወቂያ ቅጂ ተያያዘ። የሚረከበው ዘመድ በዚያ ቀን ሌላ ድመት ያልነካ ይሁን።

አሁን መንገዱ። ፊተ ጠፍጣፋ ድመት ሙቀት አትችልም፣ እያለከለከች ራሷን ማቀዝቀዝ ያቅታታል። መንገዱ ደግሞ ሁለት አየር አለው። እስከ ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ በደብረ ሲና ጥምዝምዝ ተወርዶ ሸዋ ሮቢት ላይ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ ይህ ሁሉ ቆላ ነው። ከአዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሳ መኪና ሸዋ ሮቢትን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ያልፋል፣ ጠዋት 2 ሰዓት የተነሳ ግን ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱ ይኸው ነው። አፏን ከፍታ ካለከለከች ሰዓት አይሰጥም፤ መኪናው ጥላ ሥር ይቁም፣ ሆዷና መዳፎቿ በእርጥብ ፎጣ ይታበሱ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ግን አይደፋባት። መንገዱ ክፍት መሆኑን ከዋዜማው ከሾፌሩ ማጣራት እንዳይረሳ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ማደር ለግልገል ከባድ ነው።

የድመት ሳጥን ካልተገኘ የቲማቲም ፕላስቲክ ሳጥን ሁለት አፍ ለአፍ ገጥሞ በፕላስቲክ ማሰሪያ ስምንት ቦታ ማሰር ይበቃል። አየር በአራቱም ጎን ይገባል፣ ጥርሷም አይበጥሰውም። ካርቶን አይሆንም፣ ከሸናችበት በኋላ ይቀደዳል። ሥር ጋዜጣ፣ በላዩ እናቷ የተኛችበት ጨርቅ። ኬላ ላይ ክፈቱ ከተባለ መጀመሪያ የመኪናው በርና መስኮት ሁሉ ይዘጋ፤ ድመት የምትጠፋው እዚህ ነው።

የመጨረሻ ምግቧ ከመነሳቷ 4 ወይም 5 ሰዓት በፊት ይሁን። ቀኑን ሙሉ ግን ጾሟን አትዋል፣ ትንሽ ግልገል ስኳሯ ይወርዳል፤ ከሚሴ ላይ አንድ ማንኪያ ምግብና ትንሽ ውሃ። እኔ ኮምቦልቻ ላይ "ደረስን" ብዬ በደንብ አበላኋት። ሐረጎ ቀርቶ ነበር። ጥምዝምዙን ስንጨርስ ጨርቁ ሁሉ ትውከት ሆኗል።

ደሴ ከደረሰች በኋላ አንድ ክፍል ብቻ ትያዝ፣ ሌላ ድመት ካለ ሁለት ሳምንት አይገናኙ። ከዚያ በፊት ቤቱ ውስጥ ድመት በዚያ በፓንሉኮፔንያ ሞታ ከነበረ ቫይረሱ ዓመት ሊቆይ ይችላል፦ ወለሉ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፣ ቀጥሎ አንድ የቡና ሲኒ በረኪና በ2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ይቆይበትና ይለቅለቅ። ውሃ ሲነካው እንደ ወተት የሚነጣውን ማጽጃ አትጠቀሙ፣ ድመት ይመርዛል። ለሌሊቱ ብርድ ሙቅ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ በካልሲ ውስጥ ከመኝታዋ ጎን ይበቃል።

ለመጸዳጃዋ ሰጋቱራ አድርጌ ተጸጸትሁ፤ ረጅም ፀጉር ላይ ይጣበቅና በየአልጋው ይበተናል። ወፈር ያለ የታጠበ አሸዋ ይሻላል። ምግቧን በአንድ ቀን መለወጥም ሌላው ስህተቴ ነው፣ ሦስት ቀን አስቀመጣት። ስትበላ የነበረውን ደረቅ ምግብ 2 ኪሎ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው፤ በቀን 50 ግራም ያህል ስለምትበላ ለ40 ቀን ይበቃል፣ አዲሱን በ10 ቀን ውስጥ ሩብ በሩብ እያሉ መቀላቀል። የተቀቀለ የበሬ ልብ ጥሩ ነው። ወጥ የነካው እንጀራ ግን አይሰጥ፣ ሽንኩርት የድመትን ደም ያፈርሳል። አንድ ሙሉ ቀን ካልበላች ወደ ሐኪም ነው፣ "ትለምዳለች" ብሎ መጠበቅ የለም።

መድኃኒት ላይ ልጠንክር። እኛ አካባቢ በቅርብ የሚገኘው የከብት መድኃኒት ነው፤ በከብት ጀርባ ላይ የሚፈሰው የመዥገር መድኃኒት ድመት ይገድላል፣ አልበንዳዞል የአጥንት መቅኒዋን ሊጎዳ ይችላል፣ ፓራሲታሞል ግማሽ እንክብል እንኳ ይገድላታል። የአይጥ መርዝ ያለበት ግቢ ውስጥ አትለቀቅ፤ የተመረዘች አይጥ መብላትም ይበቃታል። ደሴ ላይ የሚያማክር ለሚፈልግ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ።

በሁለተኛው ሳምንት ጆሮዋና አፍንጫዋ አካባቢ ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ ከታየ ጭርት ነው። ፐርሺያን ላይ የተለመደ ነው፣ ወደ ልጆችም ይተላለፋል፤ የመጨረሻው ሩብ ክፍያ ሳይላክ ሐኪም ይየው። ፀጉሯ በብረት ማበጠሪያ በየቀኑ 10 ደቂቃ ይበጠር፣ በተለይ ብብቷና ከጆሮዋ ጀርባ፤ አንዴ ከተቋጠረ በመቀስ አትሞክሩ፣ ቆዳዋ ከቋጠሮው ጋር ተስቦ ይመጣና ይቆረጣል።