የበሬሳ ውሃ፣ ቱፎርዲና ነጩ ዱቄት

አማካሪዬ ግራፌን ጥቂት አዩና «ጨለማ ውስጥስ ሞክረኸዋል?» አሉኝ። አልሞከርኩም ነበር።

ለማስተርስ የያዝኩት ጥናት በስንዴ ማሳ ላይ የሚረጨውን የአረም መድኃኒት፣ ቱፎርዲን (2,4-D)፣ በፀሐይ ብርሃን ከውሃ ማጥፋት ነበር። ያደግኩት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው፤ ክረምት ላይ መርጫ ወንዝ ዳር ሲታጠብ ማየት ለእኔ ብርቅ አይደለም። መሣሪያዬ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ ቀለም ውስጥ የሚገባው ነጭ ዱቄት፣ ግን ቅንጣቱ ወደ 20 ናኖ ሜትር የደቀቀ። አልትራቫዮሌት ጨረር ሲመታው ከውሃና ከኦክስጅን ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል እጅግ ቁጡ ቅንጣት ይፈጥራል፤ ያ ደግሞ ያገኘውን ኦርጋኒክ ነገር ይበጣጥሳል። ጨረሩ እንኳ እኛ ጋ ሞልቷል፤ ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ብርዱን አታንሱብኝ።

በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ 20 ሚሊ ግራም ቱፎርዲና 1 ግራም ዱቄት አድርጌ ፀሐይ ላይ ሳወጣው፣ በስፔክትሮፎቶሜትር (ውሃው ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ በሚለካው መሣሪያ) 283 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ ያለው ንባብ ቁልቁል ወረደ። ከአማካሪዬ ጥያቄ በኋላ ቢከሩን (የላብራቶሪ ብርጭቆውን) በፎይል ጠቅልዬ 30 ደቂቃ አማሰልኩት። ብርሃን ሳይነካው ወረደ! መድኃኒቱ ዱቄቱ ላይ ተለጥፎ እንጂ ጠፍቶ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጨለማው ሳይቀድም ሰዓት መቁጠር አልጀምርም።

ሁለተኛው ጉድ ሽታው ነው። ንባቡ መውረዱን ሲያቆም ቢከሩ ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸት ጀመር። ቱፎርዲ ሲሰበር የሚወጣው ዳይክሎሮፌኖል እሱም እዚያው 283 አካባቢ ብርሃን ይውጣል፤ ስፔክትሮፎቶሜትሩ አይለያቸውም። ስለዚህ ክሎራይድ መለካት ያዝኩ። እያንዳንዱ ሞለኪውል ሁለት ክሎሪን ስላለው፣ 20 ሚሊ ግራሙ ሙሉ በሙሉ ከፈረሰ በሊትር 6.4 ሚሊ ግራም ያህል ክሎራይድ መውጣት አለበት። በወንዝ ውሃ ከሠራችሁ ወንዙ ከመጀመሪያው የያዘውን ክሎራይድ መቀነስ እንዳትረሱ፤ እኔ ረስቼ አንድ ቀን ሙሉ ጨፍሬያለሁ።

በተጣራው ፈንታ የከተማችንን ወንዝ የበሬሳን ውሃ ስጠቀም ሥራው እጅግ ተንቀራፈፈ። ፒኤቹ 8 አካባቢ ነው፤ እዚያ ላይ ቱፎርዲውም ዱቄቱም ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛሉ፣ ይገፋፋሉ። ወንዙ ውስጥ የሟሟው ባይካርቦኔት ራዲካሉን ይሻማል፣ ድፍርሱም ጨረሩን ይጋርዳል። አንድ ሌሊት አዝቅጬ፣ በጨርቅ ካጠለልኩት በኋላ ትንሽ ተሻለ።

ውሃ ስቀዳ መርጫቸውን የሚያጥቡ አንድ አባት ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። አስረዳኋቸው። «እሺ ልጄ፣ ዱቄቱንስ ማን ያወጣዋል?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ዱቄቱን የማጠልበት ሲሪንጅ ፊልተር (መርፌ ጫፍ ላይ የሚገጠም ትንሽ ማጥለያ) ላብራቶሪ እንጂ ወንዝ አይችልም። ዱቄቱን በውሃ በጥብጬ መስታወት ላይ ቀባሁና 450 ዲግሪ ላይ ጋገርኩት። አሁን የሚወጣ ዱቄት የለም፤ ግን ከበፊቱም ይዘገያል። መጀመሪያ የጋገርኳቸው ሁለት መስታወቶች ምድጃው ሳይቀዘቅዝ ስከፍተው ተሰነጠቁ፤ ሦስተኛው እስካሁን ጣሪያ ላይ ነው።