የቦቢ ድስት

ባለፈው ዓመት የፋሲካ ሰሞን፣ «ሁለት ወር ሙሉ ሽሮ ብቻ ሲበላ ከርሟል» ብዬ አዝኜለት፣ ከማዕድ የተረፈውን የዶሮ ወጥ ከነቁሌቱ በእንጀራ እየፈተፈትሁ ለውሻችን ለቦቢ ሦስት ቀን አከታትዬ አበላሁት። በአምስተኛው ቀን ከግቢው በር ሥር አልነሳም አለ፤ ድዱ ነጥቶ፣ ሽንቱ እንደ ቡና ጠቁሮ አገኘሁት። ከአዘዞ ወደ እንስሳት ክሊኒክ በባጃጅ ታቅፌው ስሄድ አንድ ክፉ ሰው መርዝ አብልቶታል ብዬ አስብ ነበር። ሐኪሙ ግን ድዱን ገልጦ ካየ በኋላ ምን እንዳበላሁት ጠየቀኝ፤ ስነግረውም «የጎዳው ሽንኩርቱ ነው» አለኝ።

በቀይና በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያሉት፣ ለእኛ ያንን ሽታና ጣዕም የሚሰጡት ድኝ ያለባቸው ንጥረ ነገሮች የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ፤ ድመትን ደግሞ ከዚያም በላይ ይጎዳሉ። ማቁላላትም ሆነ መቀቀል ጉዳቱን አያስቀረውም፤ ምልክቱም ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሚታይ ሰው ከምግቡ ጋር አያያይዘውም። ለእያንዳንዱ ኪሎ የውሻ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ደሙን ለመጉዳት በቂ ነው፤ ለ15 ኪሎ ውሻ ሁለት ሦስት ራስ ሽንኩርት ማለት ነው። በአንድ የዶሮ ወጥ ድስት ውስጥ ከኪሎ በላይ ሽንኩርት እንደሚገባ እያንዳንዳችን እናውቃለን። ጥቂት በጥቂት ሲደጋገምም ስለሚጎዳ፣ የጾሙ ሽሮ እንኳ ለቦቢ ደኅና ምግብ አልነበረም።

ቦቢ ከሳምንታት በኋላ ድዱ መልሶ ቀላ። ከዚያ ወዲህ የራሱ ትንሽ ድስት አለው፦ ሽንኩርት፣ በርበሬና ጨው ያልነካው ሩዝ ከተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ጋር። በጾም እናቴ የሥጋ ሽታ እንዳይገባባት ከቤት ውጭ፣ በከሰል ምድጃ ላይ አበስልለታለሁ። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ስለሚወጋ ጨርሶ አልሰጠውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የእርድ ቀን ነው። በግ ወይም በሬ ሲታረድ በሳንባውና በጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ እኛም «ይህ ለሰው አይሆንም» ብለን ለውሻ እንወረውረዋለን። በዚያ ከረጢት ውስጥ ያሉት እጮች በውሻው አንጀት ውስጥ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጡ ትሎች ይሆናሉ፤ ከስድስት እስከ ሰባት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥም እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። ውሻው ራሱ የታመመ አይመስልም። እንቁላሉ ግን በፀጉሩ፣ በአፈሩ፣ በጓሮው ጎመን ላይ ይቀራል፤ ከዚያም ውሻውን የዳሰሰ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ወደ ሆዱ ይገባል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያው ከረጢት ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል፤ ትልቅ ሲሆን ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

በገና ዕለት አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ከረጢት ያለበትን ሳንባ ለቦቢ ሊጥሉለት ሲሉ እጃቸውን ያዝሁ።

«አባባ፣ እባክዎ እሱን አይስጡት።»

«ውሻ ታዲያ ምን ይብላ ልጄ?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ «አትስጡ» ማለት ብቻውን አይበቃምና። ያንን ሳንባ ሌሎች ውሾች ቆፍረው እንዳያወጡት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርነው። ከረጢት የሌለበትን የሆድ ዕቃ ግን ከአርባ ደቂቃ በላይ ከቀቀልሁ በኋላ ቦቢ ፊታቸው በላ፤ እሳቸውም ድስቱን ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ ለራሳቸው ውሻ ድርሻ ጠየቁኝ። ሐኪሙ በየስድስት ሳምንቱ እንዲሰጠው ያዘዘልኝን ፕራዚኳንቴል የሚባል የትል መድኃኒት ስምም በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው።