ከጅማ እስከ ጌራ፦ ጠጁን ተከትሎ ወደ ቀፎው

ወይን ለመቅመስ የሚጓዝ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ዝዋይ ይወርዳል። የወይን እርሻው እዚያ ነው። እኔ ደግሞ የማር ጠጅ ወዳጅ ነኝና 350 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ ተጉዤ ጅማ ገባሁ። ጅማ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ቡና ነው፤ አይፈረድበትም። ግን ቡናውን ያስጠለለው ያው ጫካ ማርም ይሰጣል። ሐሳቤ ጠጁን ከብርሌው ጀምሬ ወደ ኋላ፣ እስከ ቀፎው ድረስ መከተል ነበር። ወሩ ግንቦት ነው፤ የጫካው ነጭ ማር የሚቆረጥበት።

ጓደኛዬ ጅማ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ መንገዱንም ኦሮምኛውንም ለእሱ ተውኩለት። መጀመሪያ የወሰደኝ ጠጅ ቤት ባይወስደኝ ይሻል ነበር። ጠጁ ቢጫነቱ ዓይን ይወጋል። ከንፈር ላይ ይጣበቃል፣ ጉሮሮ ሲደርስ ግን ምንም የለውም። ስኳር ነው። ብርሌውን ጨረስኩ ብል ውሸት ነው።

ሁለተኛው ቤት ሌላ ነገር ነው። ከሄርማታ ገበያ ብዙ አይርቅም። ሄርማታ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. 1878–1932) ሐሙስ ሐሙስ የሩቅ አገር ነጋዴ የሚጎርፍበት ገበያ ነበር። ዛሬም ሐሙስ ቀን መንገዱ አያሳልፍም። ጠጅ ቤቱ ውስጥ አጭር በርጩማ ተሰጠን። ደረቅ፣ መካከለኛ ወይስ ለስላሳ ተባልን። ደረቅ አልን።

የመጀመሪያው ጉንጭ ደስ የሚል ምሬት አለው። ቀጥሎ ጢስ ጢስ ይላል። ማሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ከዋጡት በኋላ።

«እትዬ፣ ማሩ ከየት ነው?»

«ከጌራ ነው። ለዚህ ቤት ሌላ ማር ጥዬ አላውቅም።»

ጨዋታው ሲደምቅ ወደ ጓዳ አስገቡኝ። ጋኑ በወይራ ታጥኗል። ማሩን በሦስት እጥፍ ውሃ ይበጠብጡታል፣ ይከድኑታል፣ ቀን ቆጥረው ላዩ ላይ የሰፈፈውን ሰም ይገፉታል። ከዚያ ነው ጌሾው የሚገባው። ከጋኑ ላይ ጨርቁን ገለጥ አደረጉልኝ። ላዩ ወፍራም አረፋ ነው፤ መሐሉ ላይ የሰም ፍርፋሪና የአንዲት ንብ ክንፍ ይታያል። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ሳይጣድ ይፈላል።

ተጣርቶ በጠርሙስ የታሸገ ማር ይጠቀሙ እንደሆነ ስጠይቃቸው ፊታቸውን አኮሳተሩ። «እሱ ለሻይ ነው» አሉ። ምክንያት አለው። ማር ብቻውን ለእርሾው በቂ ምግብ የለውም። ከሰፈፉ ጋር ተደባልቆ የሚመጣው የአበባ ብናኝ ግን መፍላቱን ያግዘዋል። ጠጅ ጣዮቹ ይህን በልምድ ደርሰውበታል።

በማግስቱ በሚኒባስ ወደ አጋሮ። ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግራና ቀኙ የቡና ጥላ። ያረፍንበት ቤት የሙስሊም ቤተሰብ ነውና ጠጅ አይገባበትም። ብርዝ ግን ሞልቷል። እውነቱን ልናገርና፣ የማርን ጠባይ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ብርዝ ከጠጅ ይሻላል። ጌሾ የለ፣ ጢስ የለ፣ የሚሸፋፍነው ነገር የለም። ማር በውሃ፣ በቃ።

እማወራዋ ሁለት ብርጭቆ አቀረቡልኝ። አንዱ የግራዋ ማር ነው። ግራዋ በበጋው ወራት ያብባል፣ ማሩ ጠቆር ይላል፣ ምላስ ላይ ትንሽ ምሬት ይተዋል። ሌላው ከቡናው መሐል ካለ ቀፎ የተቆረጠ ነው፣ ቀለል ይላል። የቡና አበባ ዝናብ ካገኘ በኋላ ነጭ የሚለብሰው ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ ንቧ ከጎረቤት አበባ ሳትቀላቅል አትቀርም። «ንጹሕ የቡና አበባ ማር» የሚል ካጋጠማችሁ እኔ ብሆን ደግሜ እጠይቃለሁ።

ከአጋሮ ወደ ጌራ ያለውን መንገድ ባላነሳው ደስ ይለኛል። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ሞተር ላይ ነን። ጫማዬ ከዚያ ወዲህ ጫማ አልሆነም።

ጫካው ሲጀምር ግን ሁሉ ይረሳል። በለጠ ጌራ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጃፓን ድጋፍ ነዋሪው ጫካውን በማኅበር ተደራጅቶ እንዲጠብቅ የተሠራበት ነው። ዛፍ ቀና ብላችሁ ስታዩ ቀፎ ታያላችሁ፤ ረጃጅም፣ ድቡልቡል፣ ቅርንጫፍ ላይ የተጋደሙ። ከፍ ብለው የሚሰቀሉት ጉንዳንና ማር ወዳድ አውሬ እንዳይደርስባቸው ነው። ንብ ያለበትን ዛፍ ደግሞ ማንም አይቆርጥም።

ባለቀፎው ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ዛፍ ላይ የሚወጣው ልጃቸው ነው። ማር የሚቆረጠው በጨለማ ስለሆነ እስኪመሽ ቡና ጠጣን። ሦስተኛውን ስንጨርስ ተነሳን። ልጁ ወገቡን በገመድ አሰረ፣ የሚጤስ እንጨት ያዘ፣ ወጣ። ከሥር ሆኜ የማየው ፍሙን ብቻ ነው። ጢሱን እፍ ሲል ፍሙ ይቀላል፣ ንቦቹ ያጉረመርማሉ፣ እሱ ይሳደባል። ከዚያ ዕቃው በገመድ ቀስ እያለ ወረደ። እጄን የነደፈችኝ ንብ ከዛፉ ሥር ነው ያገኘችኝ፤ ልጁ ሲወርድ አንገቱ ላይ የነበረውን ሳይ ግን ስለ ራሴ ማውራት ተውኩ።

ማሩ የጌተም ነው። ጌተም ብዙ ጊዜ ሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ የሚያድግ ትልቅ ዛፍ ነው፤ ማሩ ሲረጋ እንደ ቅቤ ይነጣል። ነጭ ማር ሲባል ብዙ ሰው ትግራይን ነው የሚያነሳው። ይሄንን ያልቀመሰ ነው። ለስላሳ፣ ብዙ የማይጣፍጥ፣ አፍ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሟሟ።

«አባባ፣ ከዚህ ለጠጅ የሚሆን ይሽጡልኝ» አልኳቸው።

ሳቁ። ለጓደኛዬ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሉት።

«ይሄን ጋን ውስጥ ከምትከተው እኔው ብበላው ይሻላል ነው የሚሉህ።»

ወደ ጓዳ ገብተው በጀሪካን ሌላ ማር አወጡ። ከበጋ የቀረ ነው፣ ጥቁር ቀይ፣ ሰፈፉ ያልወጣለት። ዋጋውም ይቀንሳል። ለጠጅ ይሄ ነው አሉ፤ ቀለም ያወጣል፣ ቶሎ ይነሳል። ነጩ ለዳቦ ነው፣ ለሕፃንና ለእንግዳ። ጀሪካኑን ገዛሁ፤ ከነጩም ትንሽ አስጨመርኩ።

«ጌሾስ?»

«ጌሾ ከኛ አትግዛ» አሉ፣ አሁን በአማርኛ። «ሐሙስ ጅማ ግባ፣ እዚያ ይረክስልሃል። ቅጠሉን ብቻ እንዳይሰጡህ፣ እንጨቱንም ጠይቅ።»