ዙሪያ ገባውን ማየት

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት «ሰርከምስፔክት» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉም ስትጠይቀኝ፣ ብዙም ሳላስብ «ጠንቃቃ ማለት ነው» አልኳት። «አጎቴ፣ ታዲያ ከኮሽየስ በምን ይለያል?» ስትለኝ ግን መልስ አጣሁ፤ ጥያቄዋን ይዤ ሰነበትኩ።

የቃሉ ምንጭ ላቲን ነው። «ሰርከም» ዙሪያ፣ «ስፔኬሬ» ደግሞ ማየት ማለት በመሆኑ፣ ሁለቱ ሲጋጠሙ ዙሪያን ማየት የሚል ሐሳብ ይሰጣሉ። ኮሽየስ የሚባለው ሰው አደጋን ሸሽቶ የሚቆጠብ ነው፤ ዌሪ የሚባለው ደግሞ የሚጠራጠር። ሰርከምስፔክት የሆነ ሰው ግን ከመናገሩ ወይም ከማድረጉ በፊት ሁኔታውን ሁሉ ይቃኛል፣ ነገሩ የሚያስከትለውንም ይመዝናል።

ልዩነቱ በደንብ የገባኝ ትናንት ነው። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከመጋላ ሰፈር ወደ ከዚራ ለመሻገር ደቻቱ ወንዝ ዳር ስደርስ፣ አሸዋው ደረቅ ነበር፤ የሚያዝያ ፀሐይም ያቃጥላል። ከፊቴ የነበሩ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን እጅ ጨብጠው፣ እግራቸው ሥር ያለውን አሸዋ ትተው በስተደቡብ ያለውን ተራራ ሲመለከቱ ቆዩና «ደንገጎ ላይ ጠቁሯል፤ ና፣ በድልድዩ እንሂድ» ብለውት ተመለሱ። ከተማው ደረቅ ሆኖ ሳለ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ይህን አሸዋ በድንገት ሊሞላው እንደሚችል የድሬዳዋ ሰው ያውቃል፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። እኚያ እናት የፈሩ አይመስሉም ነበር፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ማስተዋል ነው። አሸዋውን ብቻ አይቶ ቀስ እያለ የሚሻገር ሰው፣ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ፣ እርሳቸው ያዩትን አያይም።

ዛሬ ለእህቴ ልጅ ይህንኑ ነገርኳት። ቃሉ ለማንኛውም ጥንቃቄ እንደማይሆን ግን አስረግጬ ነግሬያታለሁ፤ ትኩስ ጀበና ለተሸከመ ሰው እንግሊዝኛ ተናጋሪው ኬርፉል የሚለውን ይመርጣል። ሰርከምስፔክት ይበልጥ የሚስማማው ለንግግርና ለውሳኔ ነው፦ የሰው ስም በሚነሳበት፣ ገንዘብ በሚወጣበት፣ አንዴ ከአፍ የወጣ ነገር በማይመለስበት ቦታ። እኔም ከእንግዲህ ሰርከምስፔክት የተባለ መልስ ስተረጉም «ጥንቁቅ መልስ» ከማለት ይልቅ «ግራ ቀኙን ያየ መልስ» እላለሁ።