ጉግል ላይ መገኘት ለሚፈልግ የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴ

ሰሞኑን አንድ ነገር እያናደደኝ ነው። ደሴ ውስጥ ክሊኒክ፣ ፔንሲዮን፣ የቤት ዕቃ መሸጫ ያላቸው ሰዎች ጋ እየተደወለ «ጉግል ላይ አንደኛ እናወጣችኋለን፣ ዋስትና እንሰጣለን» እየተባለ ብር ይጠየቃል። የከፈሉም አሉ። ስለዚህ ሌላውን ከማውራቴ በፊት ይሄን ልበል፦ ጉግል ላይ አንደኛ ለማውጣት ዋስትና መስጠት የሚችል ሰው የለም። ይሄን ያለው ራሱ ጉግል ነው፣ ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ ላይ በግልጽ ጽፎታል። ለማስታወቂያ ከፍላችሁ ከላይ መውጣት ትችላላችሁ፣ ብሩ ሲያልቅ ግን ማስታወቂያውም ይወርዳል። ማስታወቂያ ስለከፈላችሁ ደግሞ ከሥር ባለው መደበኛ ውጤት ላይ ደረጃችሁ ንቅንቅ አይልም።

ኤስኢኦ የሚሉት ነገር ድግምት አይደለም። ድረ ገጻችሁን ጉግል በቀላሉ እንዲያነበውና ለሚፈልገው ሰው እንዲያሳየው አድርጎ ማሰናዳት ነው። ለትንሽ ንግድ ደግሞ አብዛኛው ሥራ ባለቤቱ የሚያውቀውን በግልጽ መጻፍ ነው፤ ምን እንደሚሸጥ፣ የት እንዳለ፣ መቼ እንደሚከፍት። ይሄን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

የሚፈልጋችሁ ማን እንደሆነ አስቡ። የሰፈር ደንበኛ ጉግል አያስፈልገውም፣ ሸዋ በር ያለ ሰው ጎረቤቱን ጠይቆ ወይም ቴሌግራም ላይ አይቶ ይመጣል። ጉግል የሚያስፈልገው ከተማውን የማያውቀው ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያ የሚያልፈው፣ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚወርደው የተሳቢ ሹፌር ማታ ጎማው ፈንድቶበት «ጎሚስታ ኮምቦልቻ» ብሎ የሚጽፈው፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ልጁን ሊያደርስ መጥቶ ማደሪያ የሚፈልግ አባት፣ ውጭ አገር ሆና ደሴ ላሉት እናቷ የጥርስ ሐኪም የምታፈላልግ ልጅ። እነዚህ ሰዎች የሚጠይቁት ዘመድ አጠገባቸው የለም። ስልካቸውን ነው የሚጠይቁት።

እንግዲህ ከድረ ገጽም በፊት ጉግል ማፕ ላይ ያለውን ፕሮፋይላችሁን ያዙ። ድሮ ጉግል ማይ ቢዝነስ ይባል ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ወዲህ ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ተብሏል። ነፃ ነው። ቤቱ የእናንተ መሆኑን ለማረጋገጥ ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ይጠይቃችኋል፤ ሳታቋርጡ መንገዱን፣ ታፔላውን፣ ውስጡን፣ ከዚያም ባለቤት መሆናችሁን የሚያሳይ ነገር፣ ለምሳሌ ንግድ ፈቃዱን ወይም በሩን በቁልፍ ስትከፍቱ ትቀርፃላችሁ። ፊታችሁን ማሳየት አያስፈልግም። ስሙን ታፔላው ላይ እንዳለው ጻፉት። «ሰላም ፔንሲዮን ርካሽ ምርጥ አልጋ ደሴ» እያሉ ስም ላይ ማጨቅ ከጉግል ደንብ ውጭ ነው፣ ፕሮፋይሉን ሊያሳግድባችሁ ይችላል።

ማፕ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ የሚወሰነው በሦስት ነገር እንደሆነ ጉግል ይናገራል። አንዱ የተፈለገውና የእናንተ ሥራ መግጠሙ ነው፣ አንዱ ርቀት ነው፣ አንዱ ደግሞ ምን ያህል የታወቃችሁ መሆናችሁ ነው። ርቀቱን ምንም ልታደርጉት አትችሉም። መግጠሙን ግን ትችላላችሁ፤ ዋናውን ምድብ በትክክል ምረጡ። የጥርስ ክሊኒክ ሆናችሁ «ሆስፒታል» ብላችሁ ከተመዘገባችሁ የጥርስ ሐኪም የሚፈልገው ሰው አያገኛችሁም። ለመታወቅ ደግሞ የደንበኛ አስተያየት ይረዳል። ደስ ብሏቸው የሚወጡትን «ጋሼ፣ ጉግል ላይ አንድ ቃል ቢጽፉልን» ማለት ነውር የለውም። ለአምስት ኮከብ ቡና በነፃ ማለት ግን ክልክል ነው፣ ጉግል በጥቅም የተገኘ አስተያየት አይፈቅድም። ቅሬታ የጻፈ ሰው ካለም በትሕትና መልሱለት። መልሱን የሚያነበው እሱ ብቻ አይደለም፣ ነገ የሚመጣውም እንግዳ ነው።

አሁን ስለ ሰዓት። እባካችሁ ሰዓታችሁን ዛሬውኑ እዩት።

ፒያሳ አካባቢ የማውቀው አንድ ፋርማሲ አለ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይሠራል። ባለቤቱ ፕሮፋይሉን ሲሞላ 2 ኤኤም እስከ 2 ፒኤም ብሎ አስገባው። እኛ 2 ሰዓት የምንለው ለስልኩ 8 ነው፤ ለጉግል ፋርማሲው የሚከፈተው ሌሊት 8 ሰዓት፣ የሚዘጋው ቀን 8 ሰዓት ሆኖ ቁጭ አለ። ከቀን 8 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ ድረስ፣ ሰው ባንኮኒው ላይ ተሰልፎ መድኃኒት እየገዛ፣ ስልኩ ላይ በቀይ «ተዘግቷል» ይላል። ማታ ልጁ አተኩሶት መድኃኒት የሚፈልግ እንግዳ ይሄን አይቶ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ ወይም ጨርሶ አይወጣም። ማስተካከያው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፦ 8 ኤኤም እስከ 8 ፒኤም። ይሄ ስህተት እዚህ ከተማ ብዙ ቦታ አለ፣ ቡና ቤቱም ፀጉር ቤቱም ጋ። አርብ ለጁምዓ የምትዘጉ ከሆነ በአንድ ቀን ሁለት የተለያየ የሥራ ሰዓት ማስገባት ይቻላል፤ እስከ ሰላቱ፣ ከዚያ ደግሞ ከሰላት በኋላ። ለዒድ፣ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ ልዩ ሰዓት የሚባል ቦታ አለ፣ ራሳችሁ ሙሉት።

ወደ ድረ ገጹ ስንመጣ ነገሩ ትንሽ ይሰፋል።

በቅርቡ የአንድ የኮምቦልቻ ፔንሲዮን ባለቤት ድረ ገጻቸውን እንድመለከትላቸው ጠይቀውኝ ከፈትኩት። ሲያዩት ያምራል። ግን የመጀመሪያው ገጽ በሙሉ አንድ ትልቅ ምስል ነው፣ ግራፊክስ ቤት የተሠራ ፖስተር፤ ስሙም፣ ስልኩም፣ «ሙቅ ውሃ አለን፣ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አለን» የሚለውም ምስሉ ውስጥ ነው። ከምስሉ በታች ባዶ። ጽሑፉን በጣታችሁ ተጭናችሁ ኮፒ ማድረግ ካልቻላችሁ ጽሑፍ አይደለም፣ ስዕል ነው፤ ጉግል ደግሞ ፍለጋ ላይ የሚተማመነው በጽሑፉ ነው። ስልክ ቁጥሩም ቢነኩት አይደውልም። የገጹ ርዕስ፣ ማለትም ጉግል ላይ በሰማያዊ የሚወጣው መስመር፣ «ሆም» ይላል። «ሆም» ብሎ ፔንሲዮን የሚፈልግ ሰው የለም።

እዚያ ያደረግነው ይሄን ነው። ርዕሱን «ኮምቦልቻ ከኤርፖርት አቅራቢያ ፔንሲዮን፣ የአልጋ ዋጋና ስልክ» አልነው። ፖስተሩ ላይ ያለውን በሙሉ በዩኒኮድ አማርኛ፣ ማለትም ስልክ ላይ በምንጽፈው በተለመደው ፊደል ጻፍነው። የአልጋ ዋጋ ጨመርን፤ ባለቤቱ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፣ «ተወዳዳሪ ያየዋል» ብለው፣ ግን ሰው የሚፈልገው ዋጋ ነው፣ ዋጋ ያልጻፈ ገጽ ላይ አይቆይም። ከዚያ አድራሻ። እኛ አገር የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይዞ የሚሄድ የለም፣ ስለዚህ አድራሻውን ለባጃጅ ሹፌር እንደምትነግሩት ጻፉት፦ ከየትኛው አደባባይ ተነስቶ፣ የቱን ባንክ አልፎ፣ ከየትኛው መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት። ሰው በአፉ የሚጠራቸው ቦታዎች ጉግል ላይም የሚጽፋቸው እነዚያው ናቸው። ደሴ ላይ «አራዳ»፣ «ሆጤ»፣ «መናፈሻ» የሚሉ ስሞች ገጻችሁ ላይ ካልተጻፉ ያንን ሰፈር ብሎ የፈለገ ሰው እናንተን ማግኘት ይከብደዋል። ማፕ ላይ ቦታችሁን የሚያሳየውን ምልክት ስትነኩ የምትወጣውን ፕላስ ኮድ የምትባለዋን አጭር ኮድም ጨምሩ፣ ቤት ቁጥር ለሌለው ቦታ የተሠራች ናት።

የፊደል ነገርም አለ፣ ይሄ አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ጣጣ ነው። ለኛ «ፀጉር ቤት» እና «ጸጉር ቤት»፣ «ሕክምና» እና «ህክምና» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ፀ እና ጸ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደሎች ናቸው። ስለዚህ አንዱን ርዕስ ላይ፣ ሌላውን ከሥር ባለው አንቀጽ ውስጥ ጻፉት፣ ሰው የሚያነበው ዓረፍተ ነገር ሆኖ እንጂ ተደርድሮ አይደለም። በላቲን ፊደል ለሚፈልገውም አስቡ። ኮምቦልቻን አንዱ በሲ ይጽፋታል፣ አንዱ በኬ። ደሴንም በአንድ ኤስ የሚጽፍ አለ፣ በሁለት ኤስ የሚጽፍ አለ። አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ገጽ ቢኖራችሁ እነዚህን በተፈጥሯዊ መንገድ ማስገባት ይቻላል። «ኪይወርድ» የሚባል የተደበቀ ሳጥን ውስጥ ሃምሳ ቃል ሞልቶ ብር የሚጠይቃችሁን ግን አትስሙት፤ ጉግል ያንን ሳጥን ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 ተናግሮ ጨርሷል።

ፍጥነት ላይ ብዙ አልልም። ጉግል ገጻችሁን የሚያነበው በስልክ እንደሚታየው አድርጎ ነው፣ ደንበኛችሁም በስልክ፣ በራሱ ዳታ ነው የሚከፍተው። የገጹ ዋና ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ቢታይ ጥሩ ነው ይላል ጉግል። ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ የ5 ሜጋባይት ፎቶ ይሄን ብቻውን ያበላሻል። ፎቶዎቹን አሳንሱ፣ መጀመሪያ ገጽ ላይ ያለውን ቪዲዮ አውጡ። ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የሚባል ነፃ መለኪያ አለ፣ አድራሻችሁን ስትሰጡት የቱ ነገር እንደከበደ ይነግራችኋል።

ሁሉን አድርጋችሁ ጭራሽ ካልወጣችሁ ደግሞ ይሄን ሞክሩ። ጉግል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «site» ብላችሁ፣ ሁለት ነጥብ (:) አድርጋችሁ፣ ያለ ክፍተት የድረ ገጻችሁን አድራሻ አስከትሉ። ምንም ካልመጣ ጉግል ገጻችሁን ሳይመዘግበው ቀርቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የተሠራ ከሆነ መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ሪዲንግ የሚለውን ክፈቱ። እዚያ የፍለጋ ሞተሮች ድረ ገጹን እንዳይመዘግቡት የምትጠይቅ አንዲት ሳጥን አለች። የሠራላችሁ ልጅ ሥራው እስኪያልቅ ብሎ ምልክት አድርጎባት ሳያነሳት ሄዶ ሊሆን ይችላል። አንሱና ሴቭ አድርጉ። ከዚያ ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጉግል መሣሪያ ላይ ተመዝገቡ፣ እሱም ነፃ ነው፤ ሰዎች ምን ብለው ጽፈው እናንተ ጋ እንደደረሱ ቃል በቃል ያሳያችኋል። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ደንበኛው ዕቃችሁን በምን ስም እንደሚጠራው ከዚያ በላይ የሚነግራችሁ የለም። እናንተ «የመኝታ አገልግሎት» ብላችሁ ጽፋችኋል፣ ሰው ደግሞ «አልጋ ስንት ነው» ብሎ ይፈልጋል። የሰውየውን ቃል ውሰዱ።

ውጤቱ በሳምንት አይመጣም። ብዙ ጊዜ ሥራው ተሠርቶ ጥቅሙ እስኪታይ ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት እንደሚወስድ ጉግል ራሱ ይመክራል፣ ስለዚህ በአሥራ አምስት ቀን የሚላችሁን ሰው አትመኑት።

አንድ የቀረኝ ነገር ባለቤትነት ነው፣ በዚህ ብዙ ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ። የድረ ገጹ አድራሻም (ዶሜይን የሚሉት)፣ የማፕ ፕሮፋይሉም፣ ሰርች ኮንሶሉም በሠራላችሁ ልጅ ኢሜይል ከተከፈቱ የእናንተ አይደሉም። ልጁ ክፉ ባይሆንም ሥራ ይቀይራል፣ አገር ይቀይራል፣ ስልኩ ይጠፋል፤ ከዚያ ስልክ ቁጥር ለመቀየር እንኳ የምትለምኑት ሰው ታጣላችሁ። ለንግዳችሁ አንድ ጂሜይል ክፈቱ፣ የይለፍ ቃሉን ደብተር ላይ ጽፋችሁ ከንግድ ፈቃዱ ጋር አስቀምጡት፣ ሁሉንም በሱ አስከፍቱ፣ ለሠራተኛው ደግሞ «ማናጀር» አድርጋችሁ ፈቃድ ስጡት። አሁን በሌላ ሰው ስም ያለ ካለም ሥራውን ለልጁ ከፍላችሁ ከመጨረሳችሁ በፊት አዛውሩት።