ዓርማው አማረ፣ ማኅተሙ ጉድ ሠራኝ

ከዓመታት በፊት የአንድ ፖስታና ቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት ዓርማ ሠርቼ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ሰው ማስቀየም ሰልችቶኛል።

ሐሳቡ ብዙም አላስቸገረኝም። ብዙ አገሮች የፖስታ ዓርማቸው ላይ ጥሩንባ ያደርጋሉ፤ የአውሮፓ ፖስተኛ እየነፋ ይመጣ ስለነበር ነው። እኛ ጋ ግን የጥንቱ መልክተኛ ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ሰክቶ ነበር የሚጓዘው። ዘንጉን ሣልኩ፣ ከላይ አግዳሚ ጨመርኩና ሁለት የሽቦ መያዣ ስኒ አስቀመጥኩበት፣ የስልክ እንጨትም ሆነ። እስካሁን እኮራበታለሁ።

ከዚያ ኮሚቴው ተሰበሰበ። አንዱ ርግብ ይጨመር አለ፣ ሌላው ሉል፣ ሦስተኛው መብረቅ። ሉሉን የዓለም ፖስታ ኅብረት ቀድሞናል ብዬ ተከራከርኩ፤ የኅብረቱ ዓርማ ስዊዘርላንድ ውስጥ በርን ከተማ በ1909 እ.ኤ.አ. ከቆመው ሐውልት የተወሰደ ነው፣ 5 ሰዎች ሉሉን ዞረው ደብዳቤ ሲቀባበሉ። አሸነፍኩ። በምላሹ ግን የመሥሪያ ቤቱ ሙሉ ስም በዓርማው ክብ ዙሪያ ይጻፍ ሲሉኝ እሺ አልኩ። የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው።

መመሪያው ንድፉ 50 ሳንቲ ሜትር በ50 ይቅረብ ይላል። በዚያ መጠን የማያምር ፊደል የለም! ተሰቀለ፣ ተጨበጨበ፣ ጸደቀ። ማኅተም ቀራጩ ደግሞ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር አወረደው። ጎማ ቀለም ሲጠግብ ትንሽ ክፍተት ሁሉ ይደፈናል፤ የ«ቴ»፣ የ«ሌ» እና የ«ኬ» ቀለበቶች ድፍን አሉ። ኃምሱ ሣልስ ሆኖ ቁጭ። በየደብዳቤው ላይ «ቲሊኮሙኒኪሽን»።

መዝገብ ቤት ያሉት ልጆች ሳቁ። ኃላፊው አልሳቁም። «አንተ ልጅ፣ አማርኛ አልተማርክም?» አሉኝ፣ መመሪያውን የፈረሙት ራሳቸው ሆነው! ስሙ ከክቡ ይውጣ ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ። የጸደቀ አይነካም ተባልኩ። ሰብሳቢው መስክ ናቸው፣ ሐሙስ ና። ሐሙስ ስሄድ ማክሰኞ። ሁለት ወር ተመላለስኩ። በመጨረሻ ማንንም ሳላስፈቅድ ፊደሉን አቀጠንኩ፣ ቀለበቶቹን አሰፋሁ፣ አዲስ ማኅተም በራሴ ገንዘብ አስቀረጽኩ። ልዩነቱን ያስተዋለ የኮሚቴ አባል አልነበረም። ይህ ነው እስካሁን የሚያበግነኝ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ጎማ ላይ ማስሞከር የግማሽ ቀን ሥራ እንደነበር ሳስበው።

ስለዚህ መመሪያው የፈለገውን ይበል፣ መጀመሪያ በሳንቲም መጠን ሣሉ። ቀለም በጠገበ ጎማ፣ ርካሽ ወረቀት ላይ ምቱት። ረጅም ስም ዓርማው ውስጥ አታስገቡ፣ ከጎኑ ይጻፍ። ከኮሚቴ ጋር አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መቀበል የሚባለውንም እኔ አልመክርም፤ ርግቧን ብቀበል ይሻለኝ ነበር፣ ርግብ ቢያንስ ፊደል አትገድፍም።

ክፍያዬን የፈቀደው ደብዳቤ የወጣው አዲሱ ማኅተም ከመድረሱ በፊት ነው። ሒሳብ ሹሟ መነጽሯን አድርጋ ማኅተሙን አየች፣ እኔን አየች፣ «ግድ የለም፣ ይነበባል» ብላ ከፈለችኝ።