ደወሉ፣ መንገዱ፣ ሐይቁ፦ ኦቲዝም ያለበትን ልጄን ባሕር ዳር ላይ አንደኛ ደረጃ ያስተማርኩበት መንገድ

ኦቲዝም ያለበትን ልጄን ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ሳደርስ ጉልበቴን የጨረሰው ፊደሉም ሒሳቡም አይደለም። የሚያደክመው በመሐል ያለው ጊዜ ነው፤ ከቤት እስከ ትምህርት ቤቱ በር፣ ከሰልፍ እስከ ክፍል፣ የእረፍት ደወል ከተደወለ በኋላ ያለው ሩብ ሰዓት፣ የክረምቱ ሁለት ወር። ክፍል ውስጥ መቀመጫው ይታወቃል፣ መምህርቷ ትታወቃለች፣ የሚጠበቅበትም ይታወቃል። በመሐሉ ግን ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ የሚነግረው የለም። ስለዚህ ዝግጅቴን በሙሉ እዚያ ላይ አደረግሁ።

ምዝገባ ላይ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ፈረቃ ነው። ፈረቃው በየሳምንቱ ጠዋትና ከሰዓት እየተቀያየረ ከሆነ ልጁ አንዱን ሲለምድ ሌላው ይመጣል። ቋሚ የጠዋት ፈረቃ እንዲሰጠው በጽሑፍ ጠይቁ፤ የሐኪም ወረቀት ካለ አያይዙት። ለዚህ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይኬዳል። የጆሮ ምርመራም ይደረግለት፤ ሲጠሩት የማይዞር ልጅ አንዳንዴ ጆሮው የማይሰማ ልጅ ነው።

ለመምህርቷ የሚሰጠው ወረቀት አንድ ገጽ ብቻ ይሁን። ስድሳ ልጅ የምታስተምር ሰው ሦስት ገጽ አታነብም። የእኔው አራት ነገር ብቻ ነበረው፦ የሚወደው፣ የሚያስጨንቀው፣ ሲጨነቅ የሚደረገው፣ ስልክ። ሦስተኛው ላይ የተጻፈው «ድምፅ ዝቅ ይበል፤ አይያዝ፤ ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ እስኪረጋጋ ጥያቄ አይጠየቅ» የሚል ነው። ስለ ኦቲዝም ምንነት ማብራሪያ አልጨመርኩም፤ እሱ በቃል ይሻላል። የዱላን ጉዳይም እዚያው አንሡ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንደሆኑ ይደነግጋል፤ ነገር ግን አንቀጽ ይዞ መግባት መምህሩን ያስኮርፋል። ምክንያቱን መንገር ይበልጥ ይሠራል፦ ይህ ልጅ ሲመታ ዱላውን ከጥፋቱ ጋር አያገናኘውም፤ ከክፍሉና ከመቺው ጋር ግን ያገናኘዋል። በማግስቱ ግቢው በር ላይ ተኝቶ አልገባም ይላል።

ደወል በብዙ ትምህርት ቤት ከዛፍ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። የሚያስደነግጠው የመጀመሪያው ምት ነው። ስለዚህ ሥራው ያ ምት ድንገት እንዳይመጣበት ማድረግ ነው። ቅዳሜ ግቢው ባዶ ሲሆን ጥበቃውን አስፈቅዶ መሄድ፤ መጀመሪያ ቸርኬውን በእጁ እንዲዳስሰው፣ ቀጥሎ በእንጨት ቀስ አድርጎ እንዲመታው፣ በመጨረሻ መምቻውን ብረት ይዞ እንዲመታው ማድረግ። ራሱ የሚያወጣው ድምፅ ብዙም አያስፈራውም። ትምህርት ሲጀመር ደግሞ መምህርቷ ሁለት ደቂቃ ቀደም ብላ የደወሉን ፎቶ ዴስኩ ላይ ታስቀምጥለታለች። ብረት ቆራጮች የሚያደርጉት የጆሮ መከላከያም ይረዳል፤ ግን ለሰልፍ፣ ለደወልና ቆርቆሮ ጣራ ላይ ለሚወርድ የሰኔ ዝናብ ብቻ። ቀኑን ሙሉ ካደረገው ጆሮው ጸጥታውን ይለምድና ተራ ጫጫታ ራሱ ይከብደዋል።

የቀኑን ቅደም ተከተል በፎቶ ማሳየት ሁሉም የሚመክረው ነው፤ ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። አንድ ኤፎር ወረቀት ስምንት ቦታ ሲከፈል እያንዳንዱ ወደ 10 በ7 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለእጁም ለቦርሳ ኪሱም ይበቃል። ፎቶው የራሱ ትምህርት ቤት በር፣ የራሱ ምሳ ዕቃ፣ የሚሄድበት ባጃጅ ይሁን። ከኢንተርኔት የወረደ የሌላ ሰው በር ለእሱ ሌላ በር ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ላሚኔት ይደረጋል፤ ካልሆነ ሰፊ ስኮች ይበቃል። በአንድ ጊዜ ከአምስት በላይ አይደርደሩ፤ ያለቀው ይገለበጣል። ስልክ ላይ ብቻ ያዘጋጁት መብራት የጠፋ ዕለት ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። አንድ ካርድ ለብቻው ይሠራ፦ «ለውጥ አለ» የሚል፣ ቀይ ምልክት ያለው። እሱን መጀመሪያ ለመልካም ለውጥ ተጠቀሙበት፤ በሻይ ፋንታ ለስላሳ፣ በቤት ሥራ ፋንታ መናፈሻ። መጀመሪያ የወጣው መምህርት የቀረች ዕለት ከሆነ ካርዱ ራሱ የጭንቀት ምልክት ይሆናል።

ለመንገዱ ኮንትራት ባጃጅ ነው የተጠቀምኩት። ሹፌሩ አንድ፣ መቀመጫው አንድ፣ በመሐል ሌላ ተሳፋሪ እንዳይጨምር ዋጋውን በዚያ ልክ መስማማት። መንገዱን ግን ከመጀመሪያው ሁለት አድርጉት። በሳምንት አንድ ቀን በሌላኛው መሄድ፣ ለእሱም ፎቶ ማዘጋጀት። አስፋልት ሲቆፈር ወይም ለጥምቀት መንገድ ሲዘጋ አንድ መንገድ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ባጃጅ ውስጥ ራሱን መምታት ይጀምራል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ሐይቁ ነው። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ድንገት ተነሥተው የመሄድ ጠባይ አላቸው፤ ውኃ ደግሞ ይስባቸዋል። ወጥተው ለሚሞቱት ትልቁ ምክንያት መስጠም ነው። እዚህ ከተማ ብዙ መንገድ መጨረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው፤ በደንገሉ በኩል ደግሞ መሬቱ የት አልቆ ውኃው የት እንደሚጀምር አይታይም። ከቤትና ከትምህርት ቤት በእግር የሚደረስባቸውን የውኃ ቦታዎች ሁሉ በወረቀት ላይ ሳሉ፤ የክረምት ጎርፍ ቦይና ለግንባታ ተቆፍሮ ውኃ ያቆረ ጉድጓድም ይቆጠራል። ከዚያ እዚያ የሚውሉትን ሰዎች ተዋወቁ፦ ጀልባ ነጂዎች፣ ዓሣ ሻጮች፣ የመናፈሻ ጥበቃዎች። ፎቶውን አሳይታችሁ ይህን ያህል ብትሉ ይበቃል፦ «ጋሼ፣ ይህን ልጅ ብቻውን ካዩት ይያዙልኝ። ቢጠሩት ላይመልስ ይችላል፤ ብስኩት ቢያሳዩት ግን ይመጣል።» ስልክ ቁጥር የሱሪው ወገብ ውስጠኛው ክፍል ላይ በክር ይሰፋ፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ነገር አውጥቶ ይጥለዋል። ልጁ ከጠፋ አንድ ሰው በቀጥታ ወደ ውኃ ይሮጣል፣ ሌላው ይደውላል። የጎረቤት ቤት የሚፈተሸው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጎረቤት ቤት ያለ ልጅ አንድ ሰዓት ቢቆይ ምንም አይሆንም።

ዋና ማስተማር ግዴታ ነው ባይ ነኝ። ቦታው የሆቴል ገንዳ ይሁን፤ የሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለበት፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩልም ጉማሬ አይጠፋም። ተንሳፍፎ መቆየትና ወደ ጠርዝ መመለስን ከቻለ በኋላ ከነልብሱና ከነጫማው ይለማመድ፤ የሚወድቀው እንደዚያ ለብሶ ነውና። ሐይቁን ጨርሶ መከልከል ግን አይሠራም። ቅዳሜ 10 ሰዓት የሐይቅ ሰዓት መሆኑን በካርዱ የሚያይ ልጅ በአዘቦት ቀን የመሄድ ፍላጎቱ ይቀንሳል።

ሽንት ቤቱን ብዙ ወላጅ ይረሳዋል። የትምህርት ቤት ጉድጓድ ሽንት ቤት ጨለማ ነው፣ ሽታ አለው፣ ልጁ እስከ 6 ሰዓት ይዞ ይቆያል። መፍትሔው ውኃ መከልከል አይደለም፤ በመጋቢትና ሚያዝያ ሙቀት ይህ ራስ ምታትና ድርቀት ያመጣል። ባዶ ቀን ወስዶ ማስለመድ፣ ከእረፍት ደወል አምስት ደቂቃ ቀድሞ ሰው ሳይበዛ እንዲወጣ ማስፈቀድ፣ ቦርሳው ውስጥ ሶፍትና ቅያሪ ማኖር።

እረፍት ላይ «ሂድ ተጫወት» ማለት ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። ሕግ ያለው ጨዋታ ይሻላል፤ ብይ ወይም ቆርኪ፣ ከሁለት ልጆች ጋር፣ ተራ እየጠበቁ። ቤት ውስጥ ቀድሞ ይለማመደው። ጨዋታው በማይሆንበት ቀን ሥራ ይሰጠው፦ ሰሌዳ መጥረግ፣ ጠመኔ ቢሮ ማድረስ።

ስለ ፊደል አንድ ነገር ልበል። ሀ ሁ ሂን ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ልጅ ማንበብ ችሏል ተብሎ ያልፋል፤ «ሙ»ን ለብቻዋ ብታሳዩት ግን ከ«መ» ካልጀመረ አይደርስባትም። የያዘው ዜማውን ነው። የኔታዎች ይህን ጥንት ያውቁታል፤ ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት ቅደም ተከተሉን ሰብረው ፊደሉን በመልኩ እንዲለየው ነው። እኔም ያንኑ አደረግሁ፦ ከስሙ ሦስት ፊደል በካርድ፣ ተበውዞ፣ በቀን አሥር ደቂቃ። ለ እና ሰ፣ ቀ እና ተ አብረው አይሰጡም፤ አንዱ በደንብ ሳይያዝ ሌላው ከመጣ ሁለቱም ይጠፋሉ። ከዚያ ወዲያው ቃል፤ ላም፣ ቤት፣ ዳቦ፣ ከነፎቶው። ሰሌዳ መገልበጥ ካቃተው መምህርቷ ሰሌዳውን በስልክ ታንሳው፣ ከአሥር ጥያቄ አምስቱን ይሥራ።

መንገድ ላይ ሲጮህ ሰው ይከባል፣ ከንፈር ይመጠጣል፣ ምክር ይዘንባል። «ድምፅ በዝቶበት ነው፤ ትንሽ ቦታ ስጡን፣ እግዜር ይስጥልን» ብሎ ፊትን ወደ ልጁ መመለስ ነው። ፀበል የሚወስድ ይውሰድ፤ ድንገት ራሱ ላይ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ግን እንደሚያስጮኸው ቀድሞ ለአጥማቂው መንገር፣ ከእግር እንዲጀመር መጠየቅ ይቻላል። የሚጥል በሽታ ካለበት መድኃኒቱ ለአንድ ቀንም እንዳይቋረጥ።

አምስተኛ ክፍል ለብቻው ዝግጅት ይፈልጋል። እስከ አራተኛ በብዙ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ሁሉንም ያስተምራል፤ ከአምስተኛ ጀምሮ በየ40 ደቂቃው ሌላ ሰው ይገባል። ግንቦት ላይ፣ ገና አራተኛ እያለ፣ የሚመጡትን መምህራን ፎቶ በፈቃዳቸው ማንሣት፤ ክረምቱን በሙሉ ስማቸውን ከትምህርታቸው ጋር ማዛመድ። አንዲት የሚያውቃት መምህርት «ስትጨነቅ ወደ እሷ ሂድ» ተብሎ ትመደብለት። የክረምቱ የመኝታና የመነሻ ሰዓት እንዳይለወጥ፤ በሳምንት ሁለቴ ቦርሳውን አዝሎ እስከ ግቢው በር ሄዶ ይመለስ። አዲሱን ዩኒፎርም ሐምሌ ላይ ገዝቶ ደጋግሞ ማጠብ፣ የአንገቱን ምልክት ከሥሩ መፍታት፤ በመቀስ ብቻ ከተቆረጠ የቀረው ጫፍ ይበልጥ ይኮሰኩሰዋል።